ከጉብታው ማዶ

ግንቦት 5 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ሰኞ ረፋድ ላይ። በፈረንጆቹ ሜይ 13 ቀን 1935 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በሚባል የገጠር አገር፣ አንድ የ46 ዓመት ሰው ቦቪንግተን ከሚባለው የታንከኞች ጦር ሰፈር ተነስቶ በሞተር ወደ ጎጆው ይመለሳል። ፖስታ ቤት ደርሶ ቴሌግራም ልኮ መመለሱ ነው። የስልኩን ቴሌግራም ሳይሆን የድሮውን። መልእክቱ አጭር ነበር። ለአንድ ጸሐፊ ወዳጁ ማክሰኞ ለምሳ ና፣ ዘነበም አልዘነበም ና የሚል።

ከጦር ሰፈሩ እስከ ጎጆው ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱን ሺህ ጊዜ ተመላልሶበታል።

የማክሰኞው ምሳ አልተበላም።

ሰውዬው ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ ነው። ዓለም የሚያውቀው የዓረቢያው ሎረንስ በሚለው ስም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከዓረብ አማጽያን ጋር በረሃ ለበረሃ እየዞረ የቱርክን ባቡር ሐዲድ ሲያፈነዳ የነበረው መኮንን። የጦርነቱን ታሪክ ለታሪክ ሰዎች ልተውላቸው። እኔን የሚስበኝ ሞተሩ ነው። ሞተር የሚነዱ ሰዎች ስለ ሎረንስ ሲነሳ «ፍጥነት ገደለው» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። ጉዳዩን ቁጭ ብዬ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

የነጎድጓድ ልጅ

ከጦርነቱ በኋላ ሎረንስን ዝናው አንገሸገሸው። መኮንንነቱን ትቶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ በ1922 እንደ ማንም ምልምል አየር ኃይል ገባ። ጋዜጠኞች አነፈነፉና ደረሱበት፤ ተባረረ። በዓመቱ ሌላ ስም ይዞ ታንከኛ ክፍል ተቀጠረ፣ እዚያው ቦቪንግተን። በ1925 ደግሞ ለምኖ ወደ አየር ኃይል ተመለሰ። አልጋው የተራ ወታደር፣ ደመወዙ የተራ ወታደር። ሞተሩ ብቻ ነው ለተራ ወታደር የማይመጥነው።

ብራፍ ሱፒሪየር ይባላል። ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ጆርጅ ብራፍ የሚባል ሰው ከ1919 እስከ 1940 የሠራው ሞተር ነው። በእነዚያ ሃያ ምናምን ዓመታት ከፋብሪካው የወጣው በሙሉ 3,000 ገደማ ቢሆን ነው። ማስታወቂያው «የሞተሮች ሮልስ ሮይስ» ይል ነበር። ኤስኤስ 100 የሚባለው ዓይነት በ1924 ወጣ። 100 የተባለው በከንቱ አይደለም። እያንዳንዱ ሞተር ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት ተነድቶ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር፣ መድረሱ ይረጋገጥ ነበር። ሞተሩ 998 ሲሲ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በቪ ቅርጽ የቆሙ። ክብደቱ 180 ኪሎ አካባቢ። በዚያ ዘመን ብዙ መኪና የማይደርስበት ፍጥነት ነው፤ ያውም ከሸራና ከከብት ቆዳ በቀር ምንም በማይሸፍንህ ነገር ላይ።

ሎረንስ ከ1922 ጀምሮ ሰባት ብራፍ ቀያይሯል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ነበር። 180 ኪሎ ብረት ላይ ሲወጣ እግሩ መሬት መንካቱን እጠራጠራለሁ፣ ግን ነካም አልነካም ሰባቱንም ነድቷቸዋል።

ስም ደግሞ ያወጣላቸው ነበር። ይኼ ነገር ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የእኛ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ነው የሚጠሩት። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የፈረሱ ስም የሰውየው ስም ይሆናል። ሎረንስ ለሞተሩ የመረጠው ስም ቦአኔርጌስ ነው። ወንጌለ ማርቆስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 17፤ ጌታ ያዕቆብንና ዮሐንስን የሰየመበት፣ ትርጉሙም «የነጎድጓድ ልጆች» የሆነ። ያንን ሞተር ሲጮህ የሰማ ሰው ስሙ በልኩ የተሰፋ መሆኑን ያምናል። ሌላም ቀልድ ነበረው። ሞተሮቹን በሠሪያቸው ስም ጆርጅ 1ኛ፣ ጆርጅ 2ኛ እያለ ቆጠራቸው። ያኔ የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ነበሩ። ሎረንስ ጆርጅ 7ኛ ላይ ደርሶ ነበር።

እንቁላል ለመግዛት

በሊንከንሻየር አየር ኃይል ሰፈር ሳለ አንድ ቀን ከአውሮፕላን ጋር ተወዳደረ። ራሱ ጽፎታል። ብሪስቶል ፋይተር የሚባል የጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አብራሪው በእጁ መንገዱን አሳየው፤ ና እንግዲህ እንደማለት። ሎረንስ ጋዙን ከፈተ። የመንገዱ አንደኛው ክፍል ጎርባጣ ነበር። ጉልበቱን የነዳጅ ታንኩ ላይ አጣብቆ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ገባበት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ፓራፋንጎው ወርዶ ጎማውን ነከሰው። አውሮፕላኑን ግን ቀደመው።

እኔ የምወደው የታሪኩን መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ምን አደረገ መሰላችሁ? ግሮሰሪ ሄደ። ለጓደኞቹ የአሳማ ሥጋ ገዛ፣ ቋሊማ ጨመረ፣ አንድ ገበሬ ቤት ጎራ ብሎ 15 እንቁላል በሳጥን አስሮ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ሰባራ እንቁላል ስለመኖሩ አልጻፈም። አውሮፕላን የቀደመ ሰው እንቁላል ሳይሰብር መመለሱ ስለ አነዳዱ ብዙ ይናገራል። ዕብድ አልነበረም። እጁ ለስላሳ ነበር።

እስቲ ሞተር ነድቶ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ደስታ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ከባድ ሞተር ሲቆም ሸክም ነው። ጋራዥ ውስጥ ወደ ኋላ ለመግፋት ወገብ ይጠይቃል። አስፋልት ላይ ሲወድቅብህ ደግሞ ብቻህን ለማንሳት ዘዴ ካላወቅህ አላፊ መለመን ነው። ትንሽ ከሄደ ግን ያ ሁሉ ክብደት የት እንደገባ አታውቅም። በቃ ይጠፋል። መሪውን ሳይሆን ሐሳብህን የሚከተል ይመስልሃል።

ዳገታማ መንገድ ላይ ሲሆን ይብሳል። ኩርባው ይመጣል። ጋዝ ቀነስ፣ ፍሬን ነካ፣ ማርሽ አንድ ዝቅ። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ታደርጋለህ። ተቃራኒ ይመስላል፣ ግን ሁለት ጎማ እንደዚያ ነው የሚዞረው። ሞተሩ ይተኛል። ራዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትይዘው ከነሞተርህ 30 ዲግሪ ገደማ ተጋድመሃል። መሬቱ ወደ ጉልበትህ ቀርቧል። ሣሩ ሣር ሣር ይሸታል። ከኩርባው ወገብ በኋላ ጋዙን በዝግታ ስትከፍተው የኋላው ጎማ መሬቱን ሲቆነጥጥ በመቀመጫህ ይሰማሃል። ትልቅ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ዳገት ላይ አይጮህም። ያጉረመርማል፣ ይገፋል። ትንሿ ሞተር ማርሽ ቀይሩልኝ እያለች በምታለቅስበት ዳገት ላይ እሱ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ይወጣዋል።

ዓባይ በረሃን በሞተር የወረደ ሰው ነገሬ ይገባዋል። ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያ ድልድዩ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ እስከ ደጀን። ላይ በጃኬት ትጀምራለህ፣ ታች ላብ ያጠምቅሃል፣ ደጀን ስትደርስ መልሰህ ዚፑን ትዘጋለህ። መኪና ውስጥ ያለ ሰው አገሩን ያየዋል። ሞተር ላይ ያለ ሰው ይነካዋል።

ስለ ኩርባ ሁሉም ያወራል። ስለ ጉብታ ግን የሚያወራ የለም።

ሆድ ባዶ የሚሆንባት ቅጽበት

የገጠር መንገድ እንደ ዋና መንገድ ተደልድሎ አይሠራም። የመሬቱን ወጣ ገባ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ይወጣል፣ ይሰምጣል፣ ይወጣል። ጉብታው ጫፍ ላይ ስትደርስ ሆድህ ባዶ ይሆናል። ልጅ ሆነን ዥዋዥዌ ላይ ስንወርድ የሚሰማን ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። ሳትፈልግ ትስቃለህ። ሄልሜት ውስጥ ሆኜ ብቻዬን ስስቅ ራሴን የያዝኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያ ስሜት ከየት መጣ? ሰውነትህም ሞተሩም ቀልለው ነው። ጉብታውን የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ አድርገህ አስበው። የክቡ ራዲየስ 100 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ስታልፍበት ጎማህ መሬቱን የሚጫንበት ኃይል ከወትሮው በ30 በመቶ ይቀንሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆንክ 80 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ትንሽ ብትጨምር ትበራለህ።

ፍሬን ደግሞ የሚይዘው ጎማው መሬቱን በተጫነው ልክ ነው። አለቀ። እንግዲህ ጉብታው ጫፍ ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ደስታው ከሁሉ ይበልጣል። ፍሬኑ ከሁሉ ይደክማል። ከፊትህ ያለው መንገድ ደግሞ ገና መታየቱ ነው። ኩርባ ቢያንስ ያስፈራሃል፣ ቀድመህ ትቀንሳለህ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ያለ ጉብታ ግን አያስፈራም። መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚቀጥል ይመስላል። ሰማይ ነው የሚታይህ።

አንድ ጊዜ ከደጀን ወጣ ብሎ ባለ የጠጠር መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጉብታ በደስታ ተሻገርኩ። ከማዶ አንድ የጭድ ተራራ መንገዱን ሞልቶ ይጓዛል። አህያ አይታይም፤ ጭድ ብቻ ነው የሚታየው። ከሥሩ ቀጫጭን እግሮች አሉ። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላው ጎማ ወደ ጎን ሸሸ፣ ቆምኩ። ከኋላ የሚነዱት አባት ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ አዩኝ። «ምን ያሯሩጥሃል ልጄ? አገሩ እንደሆነ የትም አይሄድ» አሉኝ። ይቅርታ አባቴ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍጥነቴ 50 ቢሆን ነው። ያን ቀን ማታ ነው የሎረንስን ነገር እንደገና ማንበብ የጀመርኩት።

ያ ሰኞ

በቦቪንግተንና በሎረንስ ጎጆ መካከል ያለው መንገድ ቀጥታ ነው፣ ግን ይሰምጣል፣ ይወጣል። ጎድጓዳው ውስጥ የገባ ሰው ከኋላ ለሚመጣው አይታይም። ረፋዱ 5 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ሁለት ልጆች በብስክሌት ወደዚያው አቅጣጫ ይሄዱ ነበር። ሎረንስ ከኋላቸው መጣ። ጉብታውን ሲያልፍ አያቸው። መሪውን ጠመዘዘ። የኋለኛውን ልጅ ብስክሌት ነካው። እሱ ራሱ በመሪው ላይ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ከጎጆው በር ጥቂት መቶ ሜትር ነበር የቀረው። ልጆቹ ተርፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ሎረንስ ከአየር ኃይል ሲሰናበት ከሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ወደ ደቡብ ጉዞ የጀመረው በብስክሌት ነው። በሞተር አይደለም፣ በፔዳል። ብስክሌተኛ ከኋላው ሞተር ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው ነበር። ለልጆቹ ሲል መሪውን መጠምዘዙ ድንገተኛ አይመስለኝም።

ስድስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ። ግንቦት 11፣ እሑድ ጠዋት፣ እዚያው ጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ማክሰኞ የሞቱ ምርመራ ተካሄደ፣ በዚያው ቀን ሞርተን በምትባል መንደር ተቀበረ። ቸርችል ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

ምርመራው ላይ የቀረበው ቃል አይገጥምም። በአካባቢው የነበረ አንድ ወታደር ሞተሩ በሰዓት ከ50 እስከ 60 ማይል ይሄድ ነበር አለ። ከወዲያኛው አቅጣጫ ጥቁር መኪና ሲመጣ አይቻለሁም አለ። ልጆቹ በበኩላቸው አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆነው ይሄዱ እንደነበር፣ መኪና ግን እንዳላዩ ተናገሩ። ይቺ ጥቁር መኪና ስንት ሰው እንዳጻፈች አትጠይቁኝ። ሰላዮች ገደሉት የሚለው ወሬ ሁሉ ከእሷ ነው የሚነሳው። እኔ አላምንበትም። ጎድጓዳ መንገድና ሁለት ብስክሌት ሰው ለመጣል በቂ ናቸው፤ ሰላይ አያስፈልጋቸውም። ዳኞቹም በአደጋ የደረሰ ሞት ነው ብለው ዘጉት።

ትልቁ ማስረጃ ሞተሩ ራሱ ነው። ከአደጋው በኋላ ሲታይ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበር። ጆርጅ ብራፍ ሞተሩን መርምሮ፣ በሁለተኛ ማርሽ ከ38 ማይል በላይ ሊሄድ አይችልም አለ። 38 ማይል 61 ኪሎ ሜትር ነው። ብራፍ ሠሪው ስለሆነ ለሞተሩ ያዳላል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ደንበኛው በሠራው ሞተር ሞቶበታል። ሎረንስ ከመውደቁ በፊት ማርሽ ቀንሶ ሊሆንም ይችላል። ያም ሆኖ እኔ ወደ ብራፍ ቁጥር አደላለሁ። ቤቱ ሊደርስ ነው። የሚታጠፍበት ቅርብ ነው። አውሮፕላን የቀደመ ሰው በየዕለቱ በሚመላለስበት መንገድ ላይ የቤቱ በር ጋ ምን ያጣድፈዋል?

ሁለቱንም ቁጥር እንያቸው። በ61 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 17 ሜትር ትጓዛለህ። አይተህ እስክትደነግጥ፣ ደንግጠህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድ 25 ሜትር አልፏል። የዚያ ዘመን ፍሬን ታምቡር ነው። በደህና መንገድ ላይ በደንብ ቢይዝ እንኳ ሌላ 30 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ድምሩ 55 ሜትር አካባቢ ነው። በ60 ማይል፣ ማለትም በ97 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ድምሩ ከ110 ሜትር ያልፋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ጎድጓዳው የሚደብቅብህ ነገር 30 ሜትር ላይ ብቅ ካለ 55ም 110ም ያው ነው። በሁለቱም አትቆምም። ያለህ ምርጫ መሪ መጠምዘዝ ነው። ክብደት ቀልሎብህ፣ ጎማ ፈዞብህ፣ 180 ኪሎ በድንገት ስትጠመዝዝ ደግሞ ያ የጠፋው ክብደት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ «ፍጥነት ገደለው» የሚለው አይበቃኝም። በ161 ኪሎ ሜትር ያልሞተ ሰው በ61 ሞተ። የገደለው ከፊቱ ሊያይ በሚችለው ርቀትና ሊቆም በሚችልበት ርቀት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት በ40 ኪሎ ሜትርም ሊኖር ይችላል። ሰፊና ግልጽ ሜዳ ላይ በ120ም ላይኖር ይችላል። ፍጥነት መለኪያ ዳሽቦርድ ላይ አለ። ይህን የሚለካ መሣሪያ ግን ሞተር ላይ የለም፤ ዐይን ብቻ ነው።

ሸራና ሙጫ

ሎረንስ ራሱ ላይ ምንም አልነበረም። በ1935 መንገድ ላይ ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። የሚገርመው ሄልሜት ተሠርቶ 21 ዓመት አልፎት ነበር። በ1914 ኤሪክ ጋርድነር የሚባል የብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ ሐኪም የሚያያቸው የጭንቅላት ጉዳቶች አስመረሩት። ሸራ ቅርጽ አስይዞ፣ ሼላክ በሚባል ሙጫ አድርቆ፣ ጠንካራ ቆብ አሠራ። በዚያው ዓመት ለተወዳዳሪዎች ግዴታ ሆነ። ለተወዳዳሪዎች ብቻ። ወደ ፖስታ ቤት ለሚሄድ ሰው ማንም አላሰበለትም።

በዚያች ሳምንት ሎረንስን እንዲያዩ ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ይባላል። አውስትራሊያ ተወልዶ ያደገ፣ አሜሪካ ሄዶ የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ከሃርቪ ኩሺንግ የተማረ ወጣት ባለሙያ ነበር። ሎረንስን ማዳን አልቻለም። ጉዳዩ ግን ከአእምሮው አልወጣም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። መብራት በጠፋበት መንገድ ላይ መልእክት የሚያመላልሱ ሞተረኛ ወታደሮች እንደ ቅጠል መርገፍ ጀመሩ። ኬርንስ ኦክስፎርድ ውስጥ የጭንቅላት ጉዳት ሆስፒታል ከፍቶ እያንዳንዱን መመዝገብ ያዘ። በ1941 በብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ቁጥሩን ዘረዘረ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት 21 ወራት 1,884 ሞተረኞች ሞተዋል። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ባሉት 21 ወራት 2,279። ከዚያ ደግሞ ትንሿን ቁጥር አመጣ። ሄልሜት አድርገው ሲወድቁ እሱ ያገኛቸው ሞተረኞች ሰባት ብቻ ናቸው። ሰባቱም አልሞቱም።

ሰባት ሰው ምንም አያሳይም የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፣ ዛሬ አንድ ተማሪ በሰባት ሰው ላይ መደምደሚያ ቢያቀርብ አማካሪው ይስቅበታል። ሠራዊቱ ግን አልሳቀም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለሞተረኞቹ ሄልሜት ግዴታ አደረገ። ሰላማዊው ሰው የጠበቀው እስከ ጁን 1 ቀን 1973 ነው። ያኔ ነው ብሪታንያ ውስጥ ሄልሜት ለማንኛውም ሞተረኛ በሕግ የተደነገገው። ኬርንስ ያንን አላየም፤ በ1952 ሞቷል።

እኔም ሄልሜት አደርጋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ሄልሜት የሚረዳው ከወደቁ በኋላ ነው። ኬርንስ የተመለከተው የጉዳዩን ግማሽ ነው፤ ሐኪም ስለሆነ ወደ እሱ የሚመጣው ሰው ቀድሞ ወድቋል። ጉብታው ግን አሁንም ጉብታ ነው።

ዓባይ በረሃን አሁንም እወርዳለሁ። የቀየርኩት አንድ ነገር ነው። ሰማይ ብቻ ሲታየኝ ጋዙን እዘጋለሁ፣ ሁለት ጣቴን የፊት ፍሬን ላይ አሳርፋለሁ። ሆዴ ባዶ መሆኗ አልቀረም፤ ለእሱ 40 ኪሎ ሜትርም ይበቃል። ከኋላዬ የሚመጣ ጓደኛዬ «ዳገት ሲያልቅ ለምን ትፈዛለህ?» እያለ ያላግጥብኛል። ያላግጥ። ስለ አህዮቹ ነግሬዋለሁ።

የሎረንስ ጆርጅ 7ኛ ብዙም አልተጎዳም ነበር። ሰሌዳው ጂደብልዩ 2275 ነው። ወደ ብራፍ ተመልሶ ተጠገነ፣ ተሸጠ፣ ሌላ ሰው ነዳው። ዛሬም አለ። በዚያ ግንቦት ኖቲንግሃም ውስጥ ስምንተኛው እየተሠራለት ነበር።